የጓሮው ዋሶች

ሎንዶን ውስጥ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከባቡሩ ድልድይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሦስት ሱቆች ጀርባቸውን የሰጡት አንድ ጓሮ አለ። ዛፍ የለውም፤ ፀሐይም መንገድ ካልጠፋት በቀር አትመጣበትም። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቢቆሙበት ሾፌሮቹ የሚወጡት በመስኮት ነው። መሐል ባለው ሱቅ የኤዶም እናት አልታየሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። በስተግራ ነቢል የሚባል ፍልስጤማዊ ዳቦ ይጋግራል። በስተቀኝ ኢታይ የሚባል እስራኤላዊ ብስክሌት ይጠግናል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ጓሮውን ይረሳና ስለ መካከለኛው ምሥራቅ ማውራት ይጀምራል። ኤዶምን የዚህን ያህል የሚያበሳጫት ነገር አልነበረም።

የሚያበሳጫት ስለማታውቅ አይደለም። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርሷን የጨረሰችው አምና ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏም ስለ አረቦችና እስራኤሎች ግጭት መንስኤዎችና ስለ ውጭ ኃያላን እጅ ነበር። አፕላይ ያደረገችባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በትሕትና አመስግነው ስለሸኟት፣ ለጊዜው እናቷ ቤት ሽንኩርት ትልጣለች። ሽንኩርት ደግሞ መንስኤ አይጠይቅም።

ነገሩ የተጀመረው የእሳት ደኅንነት ተቆጣጣሪው በመጣ ዕለት ነው። ሰውየው የወጥ ቤቱን የኋላ በር ሲገፋው አንድ ክንድ ያህል ተከፈተና ከኢታይ ብስክሌቶች ጋር ተጋጨ። ብስክሌቶቹ ሄደው የነቢልን የዱቄት መደርደሪያ ተደገፉ።

«እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል?» አለ ተቆጣጣሪው።

«በፊት ለፊት» አለች አልታየሽ።

«እሳቱ የተነሳው ፊት ለፊት ቢሆንስ?»

አልታየሽ ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ የሚያሟርት እንግዳ አይታ አታውቅም። በአማርኛ «አፍህን ቁርጥማት ይያዘው» አለችና በእንግሊዝኛ ሻይ ጋበዘችው። ሻዩን አልጠጣም። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት እንደሚመለስ፣ ከወጥ ቤቱ በር እስከ ጓሮው የውጭ በር ያለው መንገድ ካልጸዳና በሩም ካልተከፈተ ምግብ ቤቱን እንደሚዘጋ ተናግሮ ወጣ። አልታየሽ ከዚህ ምግብ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ኤዶምም ከላይ ካለችው ክፍል ሌላ ማደሪያ የላትም።

ጓሮው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ነቢል ጠዋት ዳቦውን ሲያቀዘቅዝበት፣ ኢታይ ከሰዓት ብስክሌት ሲያጥብበት፣ አልታየሽ ማታ ቆሻሻ ስታወጣበት ማንም ማንንም አልገፋም። ከዚያ ያ ኦክቶበር መጣ። የኢታይ የወንድሙ ልጅ በዚያው ሳምንት ተቀበረ። የነቢል እህት ጋዛ ውስጥ፣ ካን ዩኒስ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ከድንኳን ድንኳን ስትዛወር የት እንዳለች በእርግጠኝነት የሚያውቅበት ቀን ጥቂት ነው። ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ። ጓሮው የጠበባቸው ሰላምታ ካቆሙ በኋላ ነው።

ኤዶም መጀመሪያ የደወለችው ለሚስተር ዊትኮም ነው፤ ሱቆቹን ያከራያቸው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው፣ አሁን ፖርቱጋል ተቀምጦ ጎልፍ ይጫወታል። ለነቢል «ጓሮውን እንደራስህ ተጠቀምበት» ብሎት ነበር። ለኢታይ ደግሞ «ጓሮው ከሱቁ ጋር ነው» ብሎታል። ለአልታየሽም «የኋላ በርሽን ማንም አይነካብሽም» ብሏታል። ሦስቱንም ያለው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

«ታዲያ ጓሮው የማን ነው?» አለችው ኤዶም።

«እኔ ሁላችሁንም በጣም ነው የምወዳችሁ» አለ ሚስተር ዊትኮም። «ተነጋግራችሁ እንደምትስማሙ እተማመናለሁ።» ከዚያ ተራው ደርሶ ኳስ ሊመታ ሄደ።

ኤዶም ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን አየች። ይህን ምሳሌ በጽሑፏ ውስጥ ብታስገባው አስተማሪዋ «አላበዛሽውም?» ይላት ነበር።

ወደ ነቢል ሄደች። «እሱ መጀመሪያ ያንሳ» አለ። ወደ ኢታይ ሄደች። ኢታይም ያንኑ አለ፤ ጎማ እየነፋ ስለነበር ብቻ ትንሽ ዘገየ። ተመልሳ ለእናቷ ነገረቻት።

«ይኼ ነገር ሽማግሌ ይፈልጋል» አለች አልታየሽ።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሁለት ሰው ዕቃ ያንሱ ነው እኮ የተባለው!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? መዝገቡን ከሚስቱ ያስታረቁት እነ አቶ ሳህሉ አይደሉም እንዴ?»

«ተፋትተው የለ?»

«ታርቀው ነው የተፋቱት።»

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንዲመጡ ተጠሩ፤ እነሱ ግን ለምሳ መጡ። ሰብሳቢው አቶ ሳህሉ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፕሮቶኮል ሠራተኛ ነበሩ፤ ዓለምን የሚያይዋት እስካሁን ከግብዣ አዳራሽ ጥግ ሆነው ነው። ጋሽ ካሳዬ በተማሪነታቸው አንድ ሰልፍ ወጥተው ሳያልቅ ሎንዶን የገቡ ሰው ናቸው። ሰልፉን አሁን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ከሚባለው ሰፈር ሆነው ቀጥለውታል፤ አማርኛቸውም ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ላይ ቆሟል። ሦስተኛው ፓስተር ሕዝቅያስ ከመንገዱ ማዶ አዳራሽ ተከራይተው ቤተ ክርስቲያን ይመራሉ፤ እስራኤል የሚለውን ስም ሲጠሩ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።

አልታየሽ ጠረጴዛ አገጣጠመች። ነቢል በአንዱ ጫፍ፣ ኢታይ በሌላው፣ ኤዶም መሐል አስተርጓሚ ሆና ተቀመጠች። ሦስቱም ሽማግሌዎች እዚሁ ስለሸበቱ እንግሊዝኛ አይቸግራቸውም፤ ነገር ግን ሽምግልና በእንግሊዝኛ ክብደት ያጣል ተባለ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ አቶ ሳህሉ።

ኤዶም ተረጎመች። ኢታይ ደስ አለው። «ጥሩ፤ ሥሩ ቀላል ነው። የዱቄቱ መደርደሪያ…»

«ቆይ ወንድሜ» አሉ ፓስተር ሕዝቅያስ። «ከሥሩ ከተባለ ከአብርሃም ነው የሚጀመረው።»

«የትኛው አብርሃም?» አለች አልታየሽ ከወጥ ቤት። «የፓርኪንጉ?»

«አባታችን አብርሃም! ሁለት ልጆች ነበሩት…»

ጋሽ ካሳዬ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። «ይኼ የአድኃሪያን ትንተና ነው! በእናት ልጅና በእንጀራ ልጅ ጠብ ነው እንዴ ሕዝብ ከቀዬው የሚፈናቀል? የቅራኔው መሠረት መሬት ነው፤ ከመሬቱ ጀርባ ኢምፔሪያሊዝም ነው!»

«ክቡራን፣ ክቡራን» አሉ አቶ ሳህሉ። «ሁለታችሁም ከፊል እውነት አላችሁ። እኔ ግን በዐይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ግብዣ ላይ የአሜሪካው መልእክተኛና የሶቪየቱ መልእክተኛ ብርጭቆ አጋጭተው ‹ሰላም ይውረድ› አሉ። ማለዳ የሁለቱም መሣሪያ የጫኑ መርከቦች ተነሱ፤ አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ።»

«ይኸው! ኢምፔሪያሊዝም!» አሉ ጋሽ ካሳዬ።

«የሶቪየቱስ መርከብ?» አሉ ፓስተሩ።

«እሱ ስሕተት ነው።»

ነቢል ወደ ኤዶም ዘንበል አለ። «ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?»

«ስለ እናንተ።»

«ስለ ጓሮው?»

«ገና እዚያ አልደረሱም።»

እዚህ ላይ ዝም ብላ መተርጎም ይገባት ነበር። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ የደከመችበት ርእስ ፊቷ ላይ እንዲህ ሲንቦራጨቅ ማየት አልቻለችም። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ለመካው ሸሪፍ ቃል እንደገባች፣ ወዲያው ያንኑ አገር ከፈረንሳይ ጋር በምሥጢር እንደተካፈለች፣ ዓመት ቆይታ ደግሞ ለአይሁዶች የሀገር ቃል እንደሰጠች ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ አውሮፓ አይሁዶች ስደትና እልቂት፣ ከዚያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ አርባ ስምንቱ ጦርነት፣ ከዚያ ወደ ስድሳ ሰባቱ አለፈች። እጇን እያወናጨፈች፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በእንግሊዝኛ ስታወራ ወጡ ቀዘቀዘ። ጋሽ ካሳዬ በየመሐሉ «ትክክል!» ሲሉ፣ ፓስተሩ «ትንቢቱን ግን ዘለልሽው» ይላሉ።

«ኤዶም» አለ ነቢል፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ይኼ ጓሮ ነው። እህቴ ያለችበት ቦታ ጓሮ አይደለም። እባካችሁ ምሳሌ አታድርጉኝ።»

ኢታይ ቀና ብሎ አየው። አፉን ሊከፍት ነበር፤ ምናልባትም «እኔንም» ሊል ነበር። አቶ ሳህሉ ግን ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«መልካም። ስሜቱ ተሰምቷል። አሁን ዋስ ጥሩ።»

በሀገራችን ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሰውየው ከፍርዱ እንዳያፈነግጥ ይይዘዋል፤ ቢያፈነግጥ ኃላፊው እሱ ነው። ኤዶም ይህን አስረዳች። ሁለቱም ተያዩና ትከሻቸውን ነቀነቁ። ቅዳሜ ከሰዓት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ዋስ ከየት ይመጣል?

«እንግዲያው ለእስራኤል እኔ አለሁ!» አሉ ፓስተር ሕዝቅያስ ብድግ ብለው።

«ኢታይ ነው ስሜ» አለ ኢታይ።

«ለጭቁኑ ደግሞ እኔ!» አሉ ጋሽ ካሳዬ።

ሽማግሌ ራሱ ዋስ የሆነበት ሽምግልና ኤዶም ሰምታ አታውቅም። ዳኛው ወርዶ ከከሳሽ ጎን እንደመቆም ነው። ይህንኑ ለአቶ ሳህሉ ስትነግራቸው፣ «ሁለቱም ወገን ስላላቸው ሚዛን አለው፤ እኔ ገለልተኛ ነኝ» አሏት። ጥብስ እንዲደገምም ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊያቆመው አልቻለም፤ ሁሉም የመጣው በመልካም ፈቃድ ነበርና። ሰኞ ፓስተር ሕዝቅያስ ከምእመናን ጋር መጥተው ለጓሮው ጸለዩ፤ የኢታይን ወገን ከስርቆት ለመጠበቅም በውጭው በር ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ አደረጉ። የቁልፉን መክፈቻ ለኢታይ አልሰጡትም፤ ዋስ ናቸውና። ጋሽ ካሳዬ ይህን ሰምተው ማክሰኞ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ጓዶቻቸውን ይዘው መጡ፤ በሰንሰለቱ ላይ ሌላ ሰንሰለት፣ በቁልፉ ላይ ሌላ ቁልፍ። መሬቱ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመሩ። መስመሩ የአልታየሽን የኋላ በር እኩል ለሁለት ከፈለው።

ከቁልፉ ቀጥሎ ዕቃው መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሹ ስለጠበበው የድምፅ ማጉያዎቹንና የፕላስቲክ ወንበሮቹን «ለጥበቃ ያህል» በኢታይ በኩል ደረደረ። ጓዶቹ ደግሞ የሰልፍ ባነሮቻቸውንና ከሰባዎቹ ጀምሮ ያልተሸጡ መጽሔቶቻቸውን በነቢል በኩል ቆለሉ። ረቡዕ ኤዶም በሩን ገፋ አድርጋ ስታይ ብስክሌቶቹና የዱቄት መደርደሪያው ከነጭራሹ አይታዩም ነበር። በዚሁ ቀን አቶ ሳህሉ ለማኅበረሰቡ ሁሉ መልእክት ላኩ፤ ሁኔታው «በጥልቅ እንዳሳሰባቸው» ይገልጻል።

ባለጉዳዮቹ ከዋሶቻቸው ጋር ምን እንደተነጋገሩ ኤዶም በጆሮዋ ሰምታለች። ፓስተሩ ለኢታይ ሕዝቡ ሁሉ በመጨረሻው ዘመን ወደ ምድሩ እንደሚሰበሰብ እያብራሩለት ነበር።

«ከተሰበሰብን በኋላስ?» አለ ኢታይ። «እኛ ምን እንሆናለን?»

ፓስተር ሕዝቅያስ አሰቡ። «እሱን ቀስ ብለን እናየዋለን» አሉና የብስክሌት ዋጋ ጠየቁት።

ጋሽ ካሳዬም በበኩላቸው «ጓድ ነቢል» እያሉ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። እህቱ ስሟ ማን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቁትም። ሁለት ሰው ቀጥሮ እንደሚያሠራ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «ንዑስ ከበርቴ ነህ ማለት ነው» አሉት። «ቢሆንም እንታገልልሃለን።»

ሐሙስ ነጋ። ተቆጣጣሪው ከመድረሱ በፊት ኤዶም ቁልፎቹን ለመጠየቅ ደወለች። ፓስተሩ አላነሱም። ጋሽ ካሳዬም አላነሱም። አቶ ሳህሉ አነሱ፤ ከጀርባቸው ጭብጨባ ይሰማል።

«የኔ ልጅ፣ ከከተማው ማዶ፣ ዋይት ሲቲ አዳራሽ ነን። የጓሮው የሰላም ጉባኤ እኮ ዛሬ ነው፤ ማስታወቂያውን አላየሽም?»

«የምን ጉባኤ? ነቢልም ኢታይም እዚህ ናቸው እኮ!»

«እነሱ አልተጋበዙም። ባለጉዳይ ስሜታዊ ይሆናል።»

«አቶ ሳህሉ፣ ይስሙኝ፤ ቁልፉ ያስፈልገኛል። ሰውየው እየመጣ ነው። በሩ ካልተከፈተ የእናቴ ቤት ይዘጋል!»

«ቁልፉ በአጀንዳው መጨረሻ አካባቢ ነው» አሉ በለሆሳስ። «አሁን የመክፈቻ ንግግር ላይ ነን።»

ኤዶም ስልኩን ዱቄት ላይ ወረወረችው። እናቷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታያታለች። ምድጃውን አጠፋችው፤ አልታየሽ በሥራ ሰዓት ምድጃ ስታጠፋ ኤዶም አታውቅም፤ ለዚህ ነው የፈራችው።

ወጥታ ወደ ኢታይ ሮጠች። «መቁረጫ አለህ አይደል? የሰንሰለት መቁረጫ።»

«አለኝ። ለምን?»

«ቁልፎቹን ልቆርጣቸው ነው።»

ኢታይ በጨርቅ እጁን ጠረገ። «እሱ ምን ይላል?»

«አልጠየቅሁትም። አንተንም እየጠየቅሁህ አይደለም፤ መቁረጫውን ነው የጠየቅሁህ።»

መቁረጫው ከብዷት ስትጎትት ነቢል ከዳቦ ቤቱ በር አያት። ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረችው። ስልኩን አንዴ አየ፤ ያው እንደ ጠዋቱ ነው፤ ከእህቱ የመጣ የለም። ኪሱ ከተተውና የባነሮቹን ቁልል መጎተት ጀመረ። ኢታይም መጣና ወንበሮቹን ማንሳት ጀመረ። እርስ በርሳቸው አልተያዩም።

«ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ንገሪው» አለ ኢታይ በእንግሊዝኛ።

ነቢል አንድ እርምጃ ላይ ቆሟል። «ሰምቻለሁ ብለሽ ንገሪው» አለ፤ እሱም በእንግሊዝኛ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ኤዶም።

ነቢል ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ ያዘ። ኢታይ መቁረጫውን ከኤዶም ተቀብሎ ተጫነው። የፓስተሩ ቁልፍ ወደቀ፤ ቀጥሎ የጓዶቹ። በሩ ዝገቱ እያፏጨ ተከፈተና ከማዶ ያለው ጠባብ መንገድ ታየ፤ አንድ ቀበሮ ቆሻሻ ሲበትን ነበር፤ አያቸውና ደንግጦ ሄደ።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ብስክሌቱም መደርደሪያውም ወደየጎኑ ተገፍቶ፣ ሦስቱም አልቧቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። የወጥ ቤቱን በር ገፋው፤ ግድግዳው ድረስ ተከፈተ። መንገዱን ሄደበት፣ ቀዩን መስመር በጫማው ነካ ነካ አደረገ፣ በውጭው በር ወጣና ተመለሰ።

«ጥሩ ነው» አለ። «የዚህ በር ኃላፊ ማን ነው? ተዘግቶ ባገኘው የምጠይቀው ሰው ያስፈልገኛል።»

ጓሮው የእኔ ነው ያለ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ኃላፊው እኔ ነኝ የሚል ግን ጠፋ። ኢታይ ጫማውን አየ። ነቢል ሰማዩን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች ኤዶም። በትምህርቷ ያገኘችው የመጀመሪያው ሥራ ይኼ መሆኑ ነው።

ጉባኤው ለምሳ ሲበተን ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋይት ሲቲ የቀረበላቸው ሳንድዊች ነበርና ርቧቸዋል። ፓስተር ሕዝቅያስ የተቆረጠውን ቁልፋቸውን አንስተው አገላበጡት። ጋሽ ካሳዬም የራሳቸውን አነሱ። ከተዋወቁ ጀምሮ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁት ሁለት ሰዎች በአንድ ድምፅ «ይኼ ድፍረት ነው!» አሉ።

«ጉባኤው እኮ ጥሩ እየሄደ ነበር» አሉ አቶ ሳህሉ አዝነው። «መግለጫው ላይ ሁለት ቃል ነበር የቀረን። የኔ ልጅ፣ ይኼ በሽምግልና መታየት አለበት። ተቀመጪ።»

«ሽንኩርት አለብኝ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ! በዋሶቹ ንብረት ላይ እጅሽን አንስተሻል።»

«ይኼ ቤት አሁን ሽምግልና ከቀረበበት ምሳ አይቀርብበትም» አለች አልታየሽ ከወጥ ቤት።

ሦስቱም ወደ ወጥ ቤቱ አዩ። የጥብስ ሽታ ይመጣል። ጋሽ ካሳዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ «ትግል ስልት ይጠይቃል» አሉ። ፓስተሩ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። አቶ ሳህሉ ብቻ ከነክብራቸው ቆመው ቀሩ።

«ቢያንስ ሥርዓቱ ይጠበቅ» አሉ። «ዋስሽን ጥሪ።»

ኤዶም ልትመልስ ስትል በተከፈተው የኋላ በር በኩል ድምፅ ገባ።

«መደርደሪያህ እኔ ጋ ገብቷል» ይላል ኢታይ።

«ጎማህ ዱቄቴ ላይ ነው!» ይላል ነቢል።

«ግማሽ ሜትር ግፋው።»

«አንተ ግፋው። ወገቤን ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባነሮቹ ጀምሮ» አለ ነቢል። ብረት መሬት ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ ጭቅጭቁ ቀጠለ።

«ዋሶቼ እነዚያ ናቸው» አለች ኤዶም።

አቶ ሳህሉ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። «እየተጣሉ አይደለም እንዴ?»

«አዎ» አለች፣ ቢላዋዋን እያነሳች። «በራሳቸው አፍ።»